ነፋሱ ድምፃችሁን የወሰደው ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የእትዬ መልስ

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ሰባት ጓደኛሞች ነን፤ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ አልተለያየንም። በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ፣ ከጣርማበር ዋሻ በላይ ካለው አፋፍ ተነስተን፣ ጠርዙን ይዘን ወደ መዘዞ አቅጣጫ በእግራችን ለመሄድ ተቃጠርን። ሚኒባሱ ስለዘገየብን መራመድ የጀመርነው ከረፋዱ 4፡30 ላይ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን ነፋሱ ተነሳ። ግንባሬንና ቀኝ ጉንጬን እንደ ጥፊ ነበር የሚመታኝ። የአንዷ ጓደኛችንን ነጠላ ከትከሻዋ ገፎ ወሰደው፤ ልትይዘው ሮጣ ጠርዙ ጋ ስትደርስ ጎትተን መለስናት።

ጭላዳ ለማየት የቸኮሉት አራቱ ቀድመውን ሄዱ። ከእኛ አንዷን አዲስ ጫማ እግሯን ልጧት ስለነበር ሦስታችን ከኋላ ቀረን። ብዙም ሳይቆይ ከቆላው በኩል ጉም ወጥቶ ሸፈነን። ከፊት ሲጠሩን ሁለት ጊዜ ሰምተናል፤ ሁለቱንም ጊዜ «መጣን! ጠብቁን!» ብለን ሦስታችንም ጮኸን መልሰናል። እነሱ ግን «አሥር ጊዜ ጠራናችሁ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልመለሳችሁም፤ ተቀይማችሁ የተመለሳችሁ መሰለን» ይላሉ። ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ጀርባ ተጠልለው ጠበቁን አሉ። እኛ ቋጥኙ ጋ ሳንደርስ መኪና መንገዱን ፍለጋ ወደ ግራ ታጥፈን ወረድን። እግሯ የተላጠው ጓደኛችን መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ከንፈሯ ጠቆረ፤ ስትናገር ምላሷ ይተሳሰር ነበር። አብሮን የነበረው ልጅ ከኪሱ አረቄ አውጥቶ አጠጣት፤ እጇንም አሸላት። በመጨረሻ አንድ እረኛ ልጅ ነው አግኝቶን ከእነሱ ጋር ያገናኘን። ገንዘብ ብንሰጠው እምቢ አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንነጋገርም። የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ያለው የመጨረሻ መልእክት «ጥላችሁን ሄዳችሁ» የሚል ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እትዬ፣ ጥፋቱ የማን ነው? እንደገና አብረን ብንወጣስ በነፋስ እንዴት ነው የሚኬደው?

የተቀየመችው፣ ከደብረ ብርሃን»

ልጄ፣ ከሁሉ በፊት ያቺ ከንፈሯ የጠቆረው ልጅ እንዴት ሆነች? በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ትነግሪኛለሽ ብዬ ወረቀቱን ገልብጬ ሁሉ አየሁት። ይህን ስታነቢ ደውይላትና ጠይቂልኝ።

ጥፋቱ የማን ነው ላልሽው መልሱ እዚያው ደብዳቤሽ ውስጥ አለ፤ ሳታውቂው ጽፈሽዋል። «ግንባሬንና ቀኝ ጉንጬን» ብለሻል። ከጣርማበር አፋፉን ይዞ ወደ መዘዞ የሚሄድ ሰው ፊቱ ወደ ሰሜን ነው፤ ገደሉና ቆላው በቀኙ ይውላሉ። እንግዲያው የመታሽ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው የበጋ ነፋስ ነው። ቀድመዋችሁ የሄዱት አራቱ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ነበሩ፤ እናንተ ሦስታችሁ ነፋሱ በሚሄድበት በኩል። የእነሱ ጥሪ ከነፋሱ ጋር ስለመጣ ደረሳችሁ። የእናንተ መልስ ነፋሱን ተጋፍቶ መሄድ ነበረበት፤ አልደረሰም። አንቺም «መልሰናል» ስትይ እውነትሽን ነው፣ እነሱም «አልመለሳችሁም» ሲሉ እውነታቸውን ነው። ማንም አልዋሸም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነፋስ ከመሬት አጠገብ ሣሩም ድንጋዩም ስለሚይዘው ዘግየት ይላል፤ ከፍ ባለ ቁጥር ይፈጥናል። ከነፋሱ ጋር የሚጓዝ ድምፅ በዚህ የፍጥነት ልዩነት የተነሳ ወደ መሬት ጎንበስ እያለ ስለሚሄድ ሩቅ ያለ ጆሮ ያገኘዋል። ነፋሱን የሚቃወም ድምፅ ወደ ላይ ይጎብጥና በሰሚው ራስ ላይ ያልፋል። ጉሮሮ እስኪሰነጠቅ ቢጮህ እንኳ መቶ ሜትር ላይ ያለ ሰው ላይሰማው ይችላል። በዚያ ላይ ነፋሱ ራሱ በጆሮ ግንድ ላይ ይጮሃል፤ ሻሽና ኮፍያ ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ ከማግኘቴ ዓመታት በፊት በራሴ ላይ ደርሷል። ትውልዴ መንዝ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለን አምስት ልጃገረዶች ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንማር ነበር። ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት ወደየቤታችን እንሄዳለን፤ እሑድ ከሰዓት ቆሏችንን፣ በሷችንን፣ ድርቆሻችንን ተሸክመን እንመለሳለን። በታኅሣሥ አንድ እሑድ ነፋሱ ፊት ለፊት እየመጣብን ነጠላችንን ተከናንበን፣ አንገታችንን ደፍተን እንሄዳለን። ከሁላችን የምታንሰው ልጅ ሸክሟን ልታጠብቅ ቆመች። እኛ አላየንም። ከአንድ ወንዝ ደርሰን ሸክም ስናወርድ ብንቆጠር አራት ነን።

ስንመለስ ያገኘናት ከአንድ የድንጋይ ካብ ሥር ተቀምጣ ነው። የቆሎው ከረጢት አፍ ተፈትቶ ገብሱ ጭኗ ላይ ፈሷል። ማሰሪያውን ክር በሁለት ጣቷ ይዛዋለች፤ ልትቋጥረው ትፈልጋለች፣ ጣቶቿ ግን አይታዘዟትም። እዚያው እያየናት ሦስት ጊዜ ሞከረች። ከዚያ «ተዉት፣ እንቅልፌ መጣ» አለች። ተሸክመን ቅርብ ወዳለ ቤት ወሰድናት። የቤቱ እመቤት ስም አልጠየቀችን፣ የማን ልጆች ናችሁ አላለችን። በጉም የራሰውን ነጠላዋን ገፋ በባና ጠቀለለቻት፤ የራሷን ልጅ ከባናው ሥር አጠገቧ አስተኛች፤ አጥሚት አሙቃ በማንኪያ ትሰጣት ጀመር። የባናው የበግ ጠረን ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ነፍሷ ስትመለስ የመጀመሪያ ቃሏ «ለምን ዝም አላችሁኝ? ስንት ጊዜ ጠራኋችሁ» ነበር። እኛም አልጠራሽንም ብለን ማልን። እሷም ጠርቻለሁ ብላ ማለች። በመሐላው ምክንያት እስከ ትምህርታችን መጨረሻ ድረስ ነገሩ በመካከላችን ተጋርጦ ቀረ። መምህርት ከሆንኩ በኋላ፣ የድምፅንና የነፋስን ነገር ባነበብኩ በሳምንቱ፣ አውቶቡስ ተሳፍሬ ቤቷ ድረስ ሄጄ ነገርኳት። ዛሬ የልጅ ልጆች አሏት፤ ለገናም ለፋሲካም እንደዋወላለን። ያንቺን ደብዳቤ ሳነብ ልቤ የተነካው ለዚህ ነው፤ እኔ ያን ያህል ዓመት የጠበቅኩትን አንቺ ዛሬ እንድታገኚው ፈለግኩ።

አሁን ወደ አፋፉ ልመልስሽ። የረገጣችሁት ቦታ ስሙ ጣርማበር ነው። አንኮበርንም ሽማግሎች «የአንኮ በር» ብለው ይፈቱታል። በእኛ አገር በዚያ ሁሉ የገደል ጫፍ ላይ «በር» የሚባለው፣ ሰውም አጋሰስም ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣበት የሸንተረሩ ዝቅ ያለ ክፍተት ነው። ነፋሱም የሚወጣው በዚያው ነው። ሰፊ ሆኖ የመጣ አየር ጠበብ ባለ ቦታ ለማለፍ ሲጨናነቅ ፍጥነቱ ይጨምራል። ጣሊያኖች መንገዱን ሲሠሩ ተራራውን በዋሻ በስተው ያሳለፉትም እዚያው በሩ አጠገብ ነው። በመኪና ስታልፊ ዋሻው አፍ ላይ መስኮቱን ብትከፍቺው የነፋሱን ጉልበት ታውቂዋለሽ።

ከጣርማበር ሸዋ ሮቢት 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ከፍታው ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ከነበረበት ወደ 1,300 ገደማ ይወርዳል። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ በሁለቱ መካከል 11 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይኖራል። ይህ ልዩነት ነው የአፋፉን ቀን የሚያዘው። ንጋት ላይ መሬቱ ውርጭ ለብሶ ጸጥ ይላል፤ ባሕር ዛፍ እንኳ ቅጠሉ አይነቃነቅም። ፀሐይ ቆላውን ስታሞቀው የሞቀው አየር ገደሉን ይዞ መውጣት ይጀምራል፤ ረፋድ ላይ ይበረታል፣ ከሰዓት በኋላ ይብሳል፤ ሲወጣ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ የያዘው እርጥበት ጉም ይሆናል። ያ «ከቆላው በኩል ወጣ» ያልሽው ጉም ከዚህ የመጣ ነው። ነፋስና ጉም አብረው አይኖሩም የሚል ሰው አጋጥሞኛል፤ እዚያ አፋፍ ላይ ግን አብረው ነው የሚመጡት። በ4፡30 ስትነሱ እንግዲህ በትክክል ነፋሱ በሚነሳበት ሰዓት ነው የተነሳችሁት። ሚኒባሱ ሲዘገይ ጉዞውን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ነበረባችሁ፤ እዚህ ላይ ሰባታችሁም እኩል አጥፍታችኋል።

ጭላዳውንም ቢሆን ያመለጣችሁ በመዘግየታችሁ ነው። ጭላዳ የሚያድረው ገደሉ ላይ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣለት ሣር ለመጋጥ ወደ ሜዳው ይወጣል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት አፋፉ ላይ የተገኘ ሰው ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል፣ መሯሯጥ አያስፈልገውም። የወንዶቹ ጋማ ሽውታ ሲነካው እንዴት እንደሚያምር ያኔ ታያላችሁ። 5 ሰዓት ሳይሆን ፊታችሁን ወደ ቤት አዙሩ።

የነጠላዋ ነገር እጅግ አስደንግጦኛል። ነፋስ የወሰደው ልብስ የገደሉ ነው፤ ማንም አይከተለው። ይህን ከመነሳታችሁ በፊት ተማማሉ። ሌላም አለ። ነፋሱ ከገደሉ ወደ ሜዳው ስለሚገፋ ሰው ወደ ገደሉ አይወስደኝም ብሎ ይታመንበታል፤ ሳያውቀውም ወደ ነፋሱ ዘንበል ብሎ፣ ተደግፎት ይሄዳል። ነፋስ ግን ትንፋሽ አለው፤ ድንገት ይለቃል። ተደግፎት የነበረው ሰው ያን ጊዜ ወደ ፊት፣ ማለትም ወደ ገደሉ ይንገዳገዳል። ስለዚህ ከጠርዙ ቢያንስ ሠላሳ እርምጃ ወደ ውስጥ ገብታችሁ ሂዱ። ከሸንተረሩ ወዲህ ወደ ምዕራብ ትንሽ ወረድ ብትሉ ነፋሱ በራሳችሁ ላይ ሲያልፍ ትሰሙታላችሁ፣ እናንተን ግን እምብዛም አያገኛችሁም። እረኞች የተቀመጡበትን አስተውላችሁ ከሆነ ሁልጊዜ በዚያ በኩል ነው። ከዘራ ወይም ዱላ ያዙ፤ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ትከሉት። ሲበረታ ቁጭ በሉ።

ስለ አረቄው ደግሞ። ልጁ ለጓደኛው ደግ ብሎ ነው፤ ማንም እንዳይወቅሰው። አገራችን አረቄ የሚወጣባት አገር ናት፤ «ለብርድ» ሲባል ያላደገ የለም። ነገር ግን አረቄ የቆዳን የደም ሥሮች ይከፍትና ከሆድ ውስጥ ያለውን ሙቀት ወደ ቆዳ ያወጣዋል። ሰውዬው የሞቀው ይመስለዋል፣ ነፋሱ ግን ያን የወጣውን ሙቀት ይዞት ይሄዳል። የገላችን ሙቀት 37 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከ35 ከወረደ አደጋ ነው። የምልክቱን መጀመሪያ አንቺ በደብዳቤሽ በደንብ ጽፈሽዋል፤ መጀመሪያ መንቀጥቀጥ፣ ቀጥሎ የምላስ መተሳሰር፣ የጣት አለመታዘዝ፣ መደነቃቀፍ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት። መንቀጥቀጡ ሳይሞቃት ካቆመ ተሻላት አትበሉ፤ የባሰባት ያኔ ነው።

እንዲህ ሲሆን ከነፋሱ አውጧት። የራሰ ልብሷን አውልቁና ደረቅ አልብሷት። ከሥሯ ጋቢ፣ ቦርሳ፣ ሣርም ቢሆን አንጥፉላት፤ ቀዝቃዛ መሬት ከነፋስ ባልተናነሰ ሙቀት ይጠጣል። ደረቷን፣ አንገቷን፣ ብብቷን አሙቁ፤ ያች የመንዝ ሴት እንዳደረገችው ሌላ ሰው አጠገቧ ይተኛ። እጅና እግሯን አትሹ። መዋጥ ከቻለች ሞቅ ያለ ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም አጥሚት በጥቂት በጥቂቱ ስጧት። አእምሮዋ የተዛባ ከሆነ በአፏ ምንም ሳትሰጡ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት።

ልብስን በተመለከተ ሁልጊዜ የምለው አንድ ነገር ነው፤ የጥጥ ሹራብና ጅንስ ለብሶ አፋፍ ላይ አይወጣም። ዳገቱ ያልበዋል፣ ጥጡ ላቡን ይይዘዋል፣ ነፋሱ ያገኘዋል። ቴርሞሜትር 5 ዲግሪ እያሳየ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ካለ፣ የተገለጠ ገላ የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች ነው። የመንዝ ሰው ከበጉ ጠጉር ባናና በርኖስ የሠራው አለነገር አይደለም፤ ሱፍ ቢርስም ሙቀት ይይዛል። ሱፍ ሹራብ ከውስጥ፣ ነፋስ የማያሳልፍ ጃኬት ከላይ ካላችሁ ይበቃችኋል። ጋቢ ይዤ ልሂድ ካልሽ ያዢ፣ ለማረፊያ ጥሩ ነው፤ ስትራመጂ ግን ተከናንበሽው በመቀነት ጠበቅ አድርገሽ ታጠቂው፤ አለዚያ ነፋሱ ሞልቶት ይነዳሻል። አዲስ ጫማ ደግሞ ከመንገዱ በፊት ሁለት ሳምንት ከተማ ውስጥ ይለበስ።

ከሁሉ የሚበልጠው የአካሄዱ ነገር ነው። በነፋስ ቀን ድምፅ እንደማይሠራ አስቀድማችሁ አምናችሁ ውጡ። እኔ ተማሪዎች ይዤ ስወጣ ከፊት የማደርገው እግሩ የሚዘገየውን ነበር፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ልክ ይራመዳል፣ አይቀድመውም። ከኋላ ጠንካራ አንድ ሰው ይቆማል፣ ከእሱ ኋላ ማንም አይቀርም። ከፊት ያለው በየጊዜው ዞሮ የመጨረሻውን ሰው በዓይኑ ያያል፤ ካላየው ይቆማል። ቀርቶ የሚያስር፣ የሚያራግፍ፣ የሚሸና ሰው ሲኖር ሁሉም ይቆማል። ጉም ከመጣ ክንድ ለክንድ እስኪነካካ መቅረብ ነው። ለሰባታችሁ ሰባት ፊሽካ ግዙ፤ ቀጭን ድምፅ ከሰው ጩኸት ይልቅ ነፋሱን ሰንጥቆ ይሰማል። ሦስት ጊዜ ሲነፋ «ያለሁበት ቆሜያለሁ፣ ኑልኝ» ማለት ይሁን። መልስ አልሰማሁም ማለት መልስ አልሰጡኝም ማለት እንዳልሆነ ሁላችሁም ያዙት። ተጠፋፍታችሁ ከሆነ ደግሞ መጨረሻ አብራችሁ ወደነበራችሁበት ቦታ ተመለሱ፤ የት እንደሆነም በየማረፊያው ጮክ ብላችሁ ተነጋገሩ፦ «እንግዲህ ብንለያይ እዚህ ጽድ ሥር» ብላችሁ።

በዚህ ሚዛን አራቱ ጓደኞቻችሁ ቀድመው መሄዳቸውና ከማይታይበት ቋጥኝ ጀርባ መቆየታቸው ልክ አልነበረም፤ አንድ ሰው እንኳ ተራ በተራ ወጥቶ መታየት ነበረበት። እናንተ ደግሞ ጥሪያቸውን ከሰማችሁበት አቅጣጫ ትታችሁ ወደ ግራ መታጠፋችሁ ልክ አልነበረም። ሆኖም በዚያ ብርድ ቋጥኝ ሥር አንድ ሰዓትም ይሁን ሁለት የጠበቀ ሰው ጥሎ የሄደ ሰው አይባልም፤ ልጄ፣ ያን ቃል አንቺ ነሽ የጻፍሽው። ስለዚህ ቀጣዩንም አንቺ ጻፊው። ረጅም አታድርጊው። «ጠርታችሁን ነበር፣ ሰምተናል፣ መልሰናልም፤ ነፋሱ ነው ያላደረሰው። ጥላችሁን ሄዳችሁ ማለቴን ይቅር በሉኝ» በዪ። ከፈለግሽ የኔን መልስ ፎቶ አንስተሽ ላኪላቸው።

ስትመለሱም እረኛውን ልጅ ፈልጉት። ገንዘቡን እምቢ ያለው ሰው መርዳት በእሱ ዘንድ የሚሸጥ ነገር ስላልሆነ ነው። ቁመቱን አስታውሳችሁ የሱፍ ሹራብና የላስቲክ ቦት ጫማ ይዛችሁለት ሂዱ፤ ለእናቱ ስኳርና ቡና። ቤተሰቦቹ ከፈቀዱም ከፊታችሁ እሱ ይምራችሁ፤ የት ላይ ነፋሱ እንደሚሸሽ ከእኔ የበለጠ ያውቃል።

«ሸዋ ሮቢት ተወልጄ ያደግኩ፣ 58 ዓመቴ ነው። ለዘመድ ሠርግ ወደ መሐል ሜዳ በወጣሁ ቁጥር የመጀመሪያው ሌሊት ራሴን ይወቅረኛል፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል። ሰዎቹ ቡዳ ነው ይሉኛል።»

ወንድሜ፣ እግዜር ይማርዎ። ከ1,300 ሜትር ተነስተው በአንድ ቀን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው የሚወጡት። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክስጅን ያንሳል፤ ሰውነት እስኪለምደው ድረስ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። ከ2,500 ሜትር በላይ ለማንም ሊያጋጥም የሚችል ነው። ከተቻለ ደብረ ብርሃን አንድ ሌሊት አድረው ይሂዱ፤ በደረሱበት ቀን ከባድ ነገር አይሥሩ፣ ውኃ ይጠጡ፣ የሠርጉን ጠላና አረቄ ለሁለተኛው ቀን ያቆዩት። ተቀምጠው ሳሉ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ካስመለሰዎት ወይም ሲራመዱ ከተንገዳገዱ ግን ንጋትን ሳይጠብቁ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይውረዱና ሐኪም ይዩ። በዕድሜዎም ምክንያት ደም ግፊትዎንና ልብዎን ከሚቀጥለው ሠርግ በፊት ይታዩ።

«ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ በመንዝ ያለውን የጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ማየት እፈልጋለሁ። መቼ ልሂድ? ምን ልጠንቀቅ? ከጫጫ።»

መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ይሁንልህ፤ መሬቱ ገና አረንጓዴ ነው፣ አበባውም አለ። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው፤ ከ3,200 ሜትር በላይ መሆኑን አትርሳ፣ ለልጆቹ ሱፍ ኮፍያና የእጅ ሹራብ ያዝ። ብርዱ ቢበረታም ፀሐዩ ስለሚያቃጥል ፊታቸውንና ከንፈራቸውን ቀባቸው። የጓሳው ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ እረኞች ለሚለብሱት ገሳ የሚሆን ነው፤ የመንዝ ሰው ለመቶዎች ዓመታት በራሱ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት እየዘጋ፣ በተራ እየከፈተ ጠብቆታል። ስለዚህ ልጆቹ እንዳይነቅሉ፣ ከተመራችሁበት መንገድ እንዳትወጡ። ቀይ ቀበሮን የምታዩት ጠዋት ማልዳችሁ ከወጣችሁ ነው፤ ብቻዋን አይጥ እያደነች ታገኟታላችሁ። ውሻችሁ ተከትሏችሁ ለመሄድ ቢያለቅስ እንኳ ቤት አስራችሁት ሂዱ፤ የውሻ በሽታ፣ በተለይ የእብደቱ፣ ቀይ ቀበሮን ይጨርሳታል።